ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገር በኮማ ብቻ አይያያዝም፦ የኤስኤቲን ሰዋስው ያጠናሁበት መንገድ

ለኤስኤቲ (ለአሜሪካ ኮሌጆች መግቢያ ፈተና) የሚዘጋጅ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ጉልበቱን የሚጨርሰው ቃላት በመሸምደድ ነው። የእኔን ውጤት ከፍ ያደረገው ግን ሌላ ነገር ነው፦ ሁለት ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚያያዝ ጠንቅቆ ማወቅ። ቃላት ማለቂያ የላቸውም፤ የማያያዣው ሕግ ግን በጣት የሚቆጠር ነው፣ አንዴ ከገባችሁ ደግሞ አይጠፋባችሁም።

መጀመሪያ ፈተናው ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። አሁን በኮምፒውተር ነው የሚሰጠው። የንባብና የጽሑፍ ክፍሉ 54 ጥያቄ አለው። በሁለት ዙር የተከፈለ ሲሆን እያንዳንዱ ዙር 27 ጥያቄ በ32 ደቂቃ ነው። ከ54ቱ ከ11 እስከ 15 የሚሆኑት ንጹሕ የሰዋስው ጥያቄዎች ናቸው። አጭር አንቀጽ፣ አንድ ክፍት ቦታ፣ አራት ምርጫ። ብዙ ጊዜ የአራቱም ምርጫ ቃላት ያው ናቸው፤ የሚለያዩት በኮማው (,)፣ በሴሚኮለኑ (;) ወይም በነጥቡ (.) ብቻ ነው። ካን አካዳሚ በተባለው የትምህርት ድረ ገጽ ላይ ያለው ልምምድ ነፃ ስለሆነ ይህን ዓይነቱን ጥያቄ ብቻ ለይቼ ደጋግሜ ሠራሁ።

ዘዴዬ ይኼ ነው። ምርጫዎቹን ከማየቴ በፊት ክፍት ቦታው ላይ ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት እቆርጠዋለሁ። የግራው ብቻውን ይቆማል? የቀኙስ? ሁለቱም ብቻቸውን ከቆሙ የሚፈቀደው ነጥብ ነው፣ ወይም ሴሚኮለን፣ ወይም ኮማ ከሰባቱ አጫጭር ማያያዣዎች ከአንዱ ጋር፦ ፎር (for)፣ ኤንድ (and)፣ ኖር (nor)፣ በት (but)፣ ኦር (or)፣ የት (yet)፣ ሶ (so)። የቀኙ የግራውን የሚያብራራ ወይም የሚዘረዝር ከሆነ ኮለንም (:) ይሆናል። ኮማ ብቻውን ግን በፍጹም አይሆንም።

እዚህ ላይ ነው አማርኛ ተናጋሪ ልዩ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው። እኛ «ነፋሱ ስለበረታ ጀልባዋ ተመለሰች» ስንል ጥገኝነቱን የምናሳየው ግሱ ላይ ነው። «ስለበረታ» የሚለውን የሰማ ሰው ገና ቀሪ ነገር እንዳለ ወዲያው ያውቃል። እንግሊዝኛ ግን ግሱን እንዳለ ትቶ ምልክቱን መጀመሪያ ላይ ያስቀምጠዋል። ቢኮዝ (because) ከፊት ይመጣል፣ ከዚያ ረጅም ባለቤት ይከተላል፣ አንዳንዴ ስድስት ሰባት ቃል፣ በመጨረሻ ግሱ ጋ ስትደርሱ ግሱ ሙሉ መስሎ ቁጭ ብሏል። ዓይናችን ግስ ላይ መፈለግ ስለለመደ «ይኼማ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው» እንላለን። ስለዚህ ዓይኔን እያንዳንዱ ሐረግ መጀመሪያ ላይ እንዲያርፍ አሠለጠንኩት። ቢኮዝ፣ አልዞው (although)፣ ዌን (when)፣ ዋይል (while)፣ ኢፍ (if) ካለ ያ ወገን ብቻውን አይቆምም። በኢንግ (-ing) የሚያልቅ ግስም ከፊቱ እንደ ኢዝ (is) ወይም ዋዝ (was) ያለ ረዳት ግስ ከሌለው የዓረፍተ ነገር ግስ አይሆንም።

ከአማርኛ የሚመጣ ሌላም ልማድ አለ። «ምንም እንኳን ቢዘንብም ግን ሄድን» ብንል ማንም አይገረምም። በእንግሊዝኛ አልዞው እና በት በአንድ ላይ አይመጡም፤ አንዱ ካለ ሌላው ይወጣል። «ተነስቶ፣ ታጥቦ፣ ቁርሱን በልቶ ወጣ» እያልን በኮማ የምንቀጥለውን ሰንሰለትም፣ እያንዳንዱ ክፍል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከሆነ፣ እንግሊዝኛ በኮማ ብቻ አይቀበለውም።

ከሁሉ የሚከብደው ሀውኤቨር (however፣ «ነገር ግን») ነው። እንደ በት አጭር ማያያዣ ስላልሆነ በሁለት ኮማ መሃል ገብቶ ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ማያያዝ አይችልም፤ በአንዱ በኩል ሴሚኮለን ወይም ነጥብ ይፈልጋል። ጥያቄው በየትኛው በኩል የሚለው ነው። ይህን እዩ፦ «ብዙዎች የቡና መገኛ የመን ይመስላቸዋል። የዕፅዋት ተመራማሪዎች አይስማሙም፤ የዱር ቡና የሚበቅለው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ነው።» ሀውኤቨር የት ይግባ? የሚቃረነው «ብዙዎች ይመስላቸዋል» ከሚለው ጋር ስለሆነ ቦታው «አይስማሙም» አጠገብ ነው፤ ማለትም በፊቱ ኮማ፣ ከኋላው ሴሚኮለን። የደኑ ነገር ተቃውሞ ሳይሆን ማስረጃ ነው። እዚህ ሕግ ብቻ አያድናችሁም፣ ትርጉሙን ማንበብ ግድ ነው። በእኔ እምነት የፈተናው ምርጥ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ሰዋስውና ሐሳብ አንድ ላይ የሚፈተኑበት ቦታ ነውና።

ጊዜ የሚቆጥብ ነገር ልጨምር። ሁለት ምርጫዎች በቃላት አንድ ሆነው አንዱ ነጥብ ሌላው ሴሚኮለን ከያዙ ሁለቱንም ሰርዙ። በዚህ ፈተና የሁለቱ ሥራ አንድ ስለሆነ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ አይችሉም፤ መልሱ ከቀሩት ውስጥ ነው። እንዲሁም ከኤንድ በኋላ አዲስ ባለቤት ከሌለ፣ ለምሳሌ «ጀልባዋ ተመለሰች እና ቆመች» ዓይነት ከሆነ፣ ከኤንድ በፊት ኮማ አያስፈልግም። በኢንግ የሚጀምር መግቢያ ሐረግ ካለ ደግሞ ከኮማው ቀጥሎ የሚመጣው ስም የድርጊቱ ፈጻሚ መሆን አለበት። «ገበያው ውስጥ ስትዘዋወር» ብሎ ጀምሮ ቀጥሎ «ዋጋው» ካለ፣ በእንግሊዝኛው ሕግ የተዘዋወረው ዋጋው ነው ማለት ነው።

የዙሩ መጨረሻ ላይ የተማሪ ማስታወሻ ተዘርዝሮ መረጃውን በአንድ ዓረፍተ ነገር አጣምሩ የሚሉ ጥያቄዎች ይመጣሉ። እዚያ አራቱም ምርጫ በሰዋስው ትክክል ናቸው። ስለዚህ ማስታወሻውን ትቼ መጀመሪያ የተሰጠውን ግብ አነባለሁ። «ልዩነታቸውን አሳይ» ካለ ሁለቱን ነገሮች የማያነጻጽር ምርጫ ሁሉ ይወጣል።

በአንድ ዙር ውስጥ ከጥያቄ ወደ ጥያቄ መዝለል ይፈቀዳል። እኔ ዙሩ ሲከፈት በቀጥታ ወደ ሁለተኛው አጋማሽ፣ ሰዋስው ወደሚጀምርበት እሄድና እሱን ጨርሼ ወደ ንባቡ እመለሳለሁ። የተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማያስቀንስ ባዶ የምተወው ጥያቄ የለም።