ካኑ 25

ዛሬ እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ልጻፈው።

የድሮ ማሊያ መሰብሰብ ከጀመርኩ ስምንት አመት አልፎኛል፣ አብዛኛውን ያገኘሁት እዚሁ ባህር ዳር ቅዳሜ ገበያ ከቦንዳ ልብስ ክምር ውስጥ ነው። በጠዋት ክምሩ ሳይበረበር ደርሰህ እጅህን ከተህ ጨርቁን እየዳሰስክ ነው የምታገኘው፣ አይን ብዙም አይረዳም። ሰፈር ውስጥ ማሊያ የገዛ ሁሉ "ኦርጅናል ነው ፎርጅድ?" እያለ እኔ ጋ ነው የሚመጣው። እኔም ገልብጬ ከአርማው ጀርባ እጀምራለሁ፣ የኦርጅናሉ ጥልፍ ከውስጥ በኩል ክሩ የተከረከመና ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ፎርጅዱ ግን ከፊደል ፊደል ሲዘል የተረፈው ክር ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከዛ ዘመኑን ማመሳከር ነው። አርሰናልን ብንወስድ ደረቱ ላይ የሚጻፈው ስፖንሰር እስከ 1999 ጄቪሲ ነበር (አመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)፣ ቀጥሎ ድሪምካስት፣ ከ2002 ኦቱ፣ ከ2006 ፍላይ ኤምሬትስ። አርማውም 2002 ላይ ተቀይሯል፣ የድሮው መድፍ ወደ ግራ ነው የዞረው የአዲሱ ወደ ቀኝ፣ ስለዚህ ጄቪሲ ተጽፎበት መድፉ ወደ ቀኝ የዞረ ማሊያ ካየህ ሌላ መመርመር አያስፈልግህም። የአጥቂው ሄንሪ 14 ማሊያ ከነጄቪሲውም እንደዛው ነው፣ ሰውየው የመጣው ነሐሴ 1999 ጄቪሲ ከሄደ በኋላ ነዋ፣ ስሙን አንዱ በኋላ አሳትሞበት ካልሆነ በቀር።

ይሄን ሁሉ እያወቅኩ ነው እንግዲህ ያጠፋሁት።

ከሦስት ሳምንት በፊት እሁድ ከሰአት ጣና ዳር አሳ በልተን ተቀምጠናል። ጀልባ ላይ የሚሰራ ልጅ አለ፣ 19 ወይ 20 ቢሆነው ነው፣ ነጭ እጅጌ ያለው ቀይ የአርሰናል ማሊያ ለብሷል፣ ደረቱ ላይ ጄቪሲ፣ ጀርባው ላይ የናይጄሪያዊው አጥቂ ስም፣ ካኑ 25። ማሊያ እንደምሰበስብ ሰምቶ ኖሮ ጓደኞቹን አስከትሎ መጣና "ጋሼ እስቲ እየው፣ ኦርጅናል ነው አይደል?" አለኝ። አንገቱ ጋ ያለው ሌብል ተቆርጧል። ካኑ ደግሞ እኔ ጭንቅላት ውስጥ ከድሪምካስት ጋር ነው ያለው፣ ያ ቼልሲ ላይ ሦስት ያስቆጠረበት ጥቅምት 1999 ስለሆነ። "ካኑና ጄቪሲ አይገናኙም፣ ያጋለጠው ስሙ ነው፣ ፎርጅድ ነው" አልኩት። ጓደኞቹ ሳቁበት። እሱ ምንም አላለም፣ ጀርባውን ሰጥቶን ወደ ጀልባው ሄደ። ማሊያውን አስወልቄ እንኳን አልገለበጥኩትም።

በሦስተኛው ቀን ማታ ስልኬ ላይ የድሮ ጨዋታ እያየሁ ሳለ ያ የሼፊልድ ዩናይትዱ የኤፍኤ ካፕ ጨዋታ መጣ፣ ፌብሩዋሪ 1999፣ የአርሰናል የድሮ ሜዳ ሃይበሪ። ለተጎዳ ተጫዋች ተብሎ የወጣውን ኳስ አርሰናል እንደ ልማዱ ለሼፊልድ ሊመልስ ሲወረውር ካኑ ይዞት ሮጦ ለቡድን ጓደኛው ኦቨርማርስ አቀበለና ገባ፣ ከዛም አሰልጣኙ ቬንገር ጨዋታው ይደገም አለ። ለካኑ በአርሰናል የመጀመሪያ ጨዋታው ነበር። ደረቱ ላይ ያለው ጄቪሲ ነው። ስልኩን አስቁሜ አጎላሁት፣ ጄቪሲ! ካኑ ከጣሊያኑ ኢንተር የመጣው በ1999 መጀመሪያ፣ ጄቪሲ የለቀቀው በዛው ሲዝን መጨረሻ፣ ስለዚህ ሁለቱ አራት ወር ገደማ አብረው ነበሩ ማለት ነው። እኔ በስምንት አመት ውስጥ አንድም እንደሱ አላገኘሁም። የሌብሉ መቆረጥም ምንም ማለት አልነበረም፣ አንገት ስለሚያሳክክ ሰው ይቆርጠዋል፣ ከኔዎቹ እንኳ ግማሾቹ ሌብል የላቸውም።

በሚቀጥለው እሁድ ሄድኩ፣ ሰው ይዞ ዘጌ ተሻግሯል አሉኝ። ትናንት አገኘሁት። ማሊያውን አልለበሰውም፣ የጀልባው ወንበር ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። "ወንድሜ ተሳስቼ ነው፣ ማሊያህን ላየው" አልኩት፣ አነሳና ሰጠኝ። ገለበጥኩት፣ ከአርማው ጀርባ አንድ የተንጠለጠለ ክር የለም። መድፉ ወደ ግራ ነው። ጀርባውን ሳዞረው ግን ስምም ቁጥርም የለም።

"ስሙ ነው ያጋለጠው አላልከኝም? ላጥኩት" አለ። ሁለት ቀን በጥፍሩ ፍቆ ፍቆ ነው ያነሳው፣ ያ እንደ ቬልቬት የሚለሰልስ ፊደል የት እንደደረሰ ጠየቅኩት፣ ውሃው ውስጥ ጥሎታል።

ጓደኞቹን ጥራልኝ አልኩትና ሲሰበሰቡ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ማሊያው ኦርጅናል እንደሆነ፣ እኔ እንዳልኩት እንዳልሆነ፣ ሳላይ እንደፈረድኩ። አንዱ "ታዲያ አሁን ይሸጣል?" አለ፣ ልጁ "አልሸጥም" አለና ለበሰው። ከዛ ገመዱን ሊፈታ ጎንበስ ሲል ፀሐዩ ጀርባው ላይ አረፈበት። ጨርቁ በስንት አመት ፀሐይ ወይቧል፣ ፊደሉ ሸፍኖት የኖረው ቦታ ግን ቀዩ እንዳለ ነው። ካኑ 25 ከሩቅ ይነበባል።