ከቢራ ሙያ ወደ ርካሽ ኢንሱሊን

ሕንዳዊቷ ኪራን ማዙምዳር ሾው ባዮኮን የተባለውን የሕንድ መድኃኒት አምራች ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1978 የመሠረቱት ባንጋሎር ውስጥ፣ በተከራዩት ቤት ጋራዥ፣ በ10 ሺህ ሩፒ ነው። ሙያቸው ቢራ ጠመቃ ነበር፤ አውስትራሊያ ተምረው ሲመለሱ ግን ሴት ጠማቂ የሚቀጥር አጡ። የመጀመሪያ ምርቶቻቸው ከፓፓያ ወተት የሚወጣው ፓፔይን የተባለ ኢንዛይም (ፕሮቲን የሚቆራርጥ ንጥረ ነገር) እና ከዓሣ የአየር ከረጢት ተሠርቶ ቢራ የሚያጠራው አይሲንግላስ ነበሩ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ ስለ ጽናት ይነገራል። ለእኔ ግን ቁም ነገሩ ሙያው ነው፤ ባዮኮን በኋላ የሠራውን የስኳር በሽተኞች መድኃኒት፣ ኢንሱሊንንም፣ የሚያመርተው እንደ ቢራው ታንክ ውስጥ ያለ እርሾ ነውና።

ባዮኮን የመረጠው ፒኪያ ፓስቶሪስ የተባለውን እርሾ ነው። የኢንሱሊን ዘረመል የገባበት እርሾ መጀመሪያ ግሊሰሮል እየተመገበ ይራባል። ግሊሰሮሉ ሲያልቅ ሜታኖል የተባለ የአልኮል ዓይነት በጥቂት በጥቂቱ ይጨመርለታል፤ ማምረት የሚጀምረው ያኔ ነው። ሜታኖሉ ከበዛ እርሾው ይመረዛል፤ ካነሰ ምርቱ ይወርዳል። ሜታኖል ደግሞ ብዙ ኦክስጅን ያስፈጃል፣ ብዙ ሙቀትም ያወጣል። በ2 ሊትር የሙከራ ዕቃ ላይ ያማረ ሥራ ትልቅ ታንክ ላይ የሚበላሸው በዚህ ነው፦ ታንኩ ሲያድግ ሙቀቱ የሚወጣበት ግድግዳ በይዘቱ ልክ አያድግም። ደግነቱ ይህ እርሾ የሠራውን ወደ ውጪ ስለሚለቀው ሴሉን መስበር አያስፈልግም። ብዙ ከቆየ ግን ከሞቱ ሴሎች የሚወጡ ኢንዛይሞች ምርቱን ይቆራርጡታል።

ገንዘቡ የሚያልቀው ማጣራቱ ላይ ነው። የወጣው ጥሬ ፕሮቲን ትሪፕሲን በተባለ ኢንዛይም ተቆርጦ ኢንሱሊን ይሆናል፣ ክሮማቶግራፊ በተባለ ቅይጥን የመለያ ዘዴ ደጋግሞ ይጣራል፣ ከዚንክ ጋር ክሪስታል ይሠራል። ስድስት ደረጃዎች እያንዳንዳቸው 90 በመቶውን ቢያተርፉ መጨረሻ ላይ የሚገኘው 53 በመቶ ብቻ ነው፤ 95 በመቶ ቢያተርፉ 73 ተኩል ይደርሳል። ዋጋ የሚቀንሰው እንዲህ ባለ ጥቃቅን ማሻሻያ ነው።

መጠኑ ራሱ ትንሽ ነው። በቀን 40 ዩኒት (የኢንሱሊን መለኪያ) የሚወጋ ሰው በዓመት የሚፈልገው ግማሽ ግራም ያህል ነው፤ አንድ ኪሎ ወደ 2,000 ሰው ዓመቱን ሙሉ ያደርሳል። የቀረው ወጪ የጥራት ምርመራው፣ ከጀርም በጸዳ ክፍል መሙላቱና ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ማቆየቱ ነው። ባዮኮን እ.ኤ.አ. በ2019 ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው አገሮች ኢንሱሊንን በቀን ከ10 የአሜሪካ ሳንቲም በታች እንደሚያቀርብ አስታወቀ። ይህ ዋጋ የሚያዋጣው ታንኩ ሥራ ሳይፈታ ሲመረት ነው።

በዚህ ሙያ አዲስ ጀማሪ ድርጅት ቀጥታ ወደ መርፌ መድኃኒት ባይሮጥ ይሻላል። የኢንዱስትሪ ኢንዛይም በበሽተኞች ላይ የሚደረግ ሙከራ ስለማይጠይቅ ቶሎ ገንዘብ ያስገባል፤ ሠራተኞቹም ታንክ መያዝ፣ ማቀዝቀዝና ማጣራት ይለምዱበታል። ባዮኮን ራሱ የመጀመሪያ ኢንሱሊኑን ሕንድ ገበያ ላይ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው።