አረንጓዴው ፕሌት

በነፍሳት አማካይነትና ከእንስሳት ወደ ሰው በሚተላለፉ በሽታዎች ላይ የሚሠራውን የዩኒቨርሲቲ የምርምር ማዕከል መምራት በጀመርኩበት ዓመት፣ ማዕከሉ አንድ የነበረው በበሩ ላይ በተሰቀለው ሰሌዳ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ከኮሪደሩ በስተግራ የነፍሳት፣ በስተቀኝ የእንስሳት ጤና ቤተ ሙከራ ይገኙ ነበር፤ የአንዱ ባለሙያ የሌላውን በር የሚያንኳኳው ግን መሣሪያ ለመዋስ ሲፈልግ ብቻ ነበር። ይህ የከፋ ችግር ሆኖ አልታየኝም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የነፍሳት ክፍሉ ወጣት ተመራማሪ ናሙና የሚመረመርባቸው ትናንሽ ጉድጓዶች ያሉትን፣ ፕሌት የሚባለውን ሳህን በሁለት እጁ ይዞ ቢሮዬ ገባና «ዶክተር፣ ይህን ይመልከቱልኝ» አለኝ። ከ96ቱ ጉድጓዶች በርካታዎቹ አረንጓዴ ሆነዋል። ናሙናዎቹ ከከብቶች በረት የተያዙ፣ ከሰው ይልቅ የከብት ደም የሚመርጡና ወባን ያስተላልፋሉ ተብለው የማይጠረጠሩ ትንኞች ነበሩ። የኢላይዛ ምርመራው የሚፈልገው ስፖሮዞይት የሚባለውን የወባ ተውሳክ ደረጃ የሚሸፍነውን ፕሮቲን ነው፤ ሲያገኘውም ጉድጓዱ አረንጓዴ ይሆናል፤ ስፖሮዞይቶች በትንኟ የምራቅ እጢ ስለሚከማቹም ሆዷ ተቆርጦ ይወገድና ራሷና ደረቷ ብቻ ተፈጭቶ ይመረመራል። እዚያ ፕሮቲኑ ከተገኘ ትንኟ በሽታውን ለማስተላለፍ እንደ ደረሰች ይቆጠራል። ስለዚህ ያ አረንጓዴ ቀለም እውነት ከሆነ፣ መኝታ ቤቶችን በመርጨት ላይ ብቻ የተመሠረተው የመከላከል ሥራ በረቶቹንም ማካተት ሊኖርበት ነው።

እኔም በዚያው ምሽት የወባ መከላከልን ለሚያስተባብር አንድ ኃላፊ ደውዬ ነገርኩት። «ገና የመጀመሪያ ውጤት ነው» ማለቴን አልረሳሁም፤ ሆኖም በስልክ የተነገረ እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ ምን ያህል እንደሚቆይ ማወቅ ነበረብኝ።

በሳምንቱ ስብሰባ ላይ ወጣቱ ውጤቱን ሲያቀርብ፣ ከጥግ ተቀምጠው የነበሩት አንጋፋው የእንስሳት ሐኪም እጃቸውን አወጡ። «እነዚህ ትንኞች የማንን ደም ነው የጠጡት?» ብለው ጠየቁ። የከብት መሆኑ ሲነገራቸው፣ «እንግዲያው ናሙናውን አፍሉትና ድገሙት፤ እኛ ዘንድ የከብት ደም የነካው ነገር አንዳንዴ ይዋሻል» አሉ። ወጣቱ ቅር አለው፤ እኔም በውስጤ «እሳቸው ስለ ትንኝ ምን ያውቃሉ?» ማለቴን አልደብቅም። የኋላ ኋላ ጽሑፎችን ሳገላብጥ ግን የከብት ወይም የአሳማ ደም በሚመገቡ ትንኞች ላይ ምርመራው ሐሰተኛ ፖዘቲቭ፣ ማለትም ተውሳኩ ሳይኖር አለ የሚል ውጤት፣ ሊያሳይ እንደሚችል፣ ለዚህ ምክንያት የሚሆነው ነገር በሙቀት እንደሚጠፋና እውነተኛው የተውሳክ ፕሮቲን ግን ሙቀቱን እንደሚቋቋም ተጽፎ አገኘሁ።

የተፈጨው ናሙና በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ10 ደቂቃ ከተቀቀለ በኋላ ምርመራው ተደገመ። አጠገቡ ቆሜ ጠበቅሁ። ፕሮቲኑ እንዳለባቸው አስቀድሞ የሚታወቁት ማነጻጸሪያዎች፣ ፖዘቲቭ ኮንትሮሎቹ፣ ቀስ በቀስ አረንጓዴ ሲሆኑ የትንኞቹ ጉድጓዶች እንደ ውኃ ጠርተው ቀሩ። ለማረጋገጫ የተሠራው፣ የተውሳኩን ዘረመል የሚፈልገው የፒሲአር ምርመራም የወባ ተውሳክ አላገኘም።

ወጣቱ የተማረውን አሠራር በትክክል ተከትሏል፤ ጥፋቱ ሳይጣራ ስልክ ያነሳው የእኔ ነበር። ሁለተኛው ስልክ ከመጀመሪያው እጅግ ይከብድ ነበር፤ ኃላፊው ዝም ብሎ ካዳመጠኝ በኋላ «ለበረቶቹ የሚሆን ኬሚካል እንዲሰላ አዝዤ ነበር» ብቻ አለኝ።

ከዚያ በኋላ በናሙና መመዝገቢያው ላይ «የደም ምንጭ» የሚል ዓምድ ተጨመረ፤ ማንኛውም ፖዘቲቭ ውጤትም ተቀቅሎ ሳይደገምና ከሌላው ክፍል አንድ ባለሙያ ሳይፈርምበት ከማዕከሉ እንዳይወጣ ተወሰነ። ሥራ ይጓተታል የሚል ማጉረምረም በሁለቱም በኩል ነበር፤ አሁንም አልቀረም።

ከጥቂት ወራት በኋላ የእንስሳት ክፍሉ ከበሬዎች ላይ በተነቀሉ መዥገሮች ውስጥ ቫይረስ ማግኘቱን በስብሰባ አቀረበ። ያ ወጣት እጁን አወጣና አንጋፋውን ሐኪም በአክብሮት ጠየቃቸው፦ «መዥገሮቹ ሲነቀሉ ደም ጠግበው ከነበረ፣ ቫይረሱ የመዥገሮቹ ነው ወይስ የበሬዎቹ?»

ሐኪሙ መነጽራቸውን አውልቀው ጥቂት አሰቡና ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳቡት።