«ፕራይስ የታለ?»

ሬዚደንቷ፣ ስፔሻሊቲ የምትማረው ሐኪም፣ ሐሙስ ከሰዓት መጣች። «ሰኞ ፕሮፖዛል አቀርባለሁ፤ በፖዶኮኒዮሲስ ላይ እስካሁን የተጻፈውን በሙሉ ያውጡልኝ» አለች። በባዶ እግሩ ቀይ አፈር ሲረግጥ የኖረ ገበሬ ላይ የሚወጣው ዝሆኔ ነው። ትንኝ የሚያመጣው ሌላ ነው።

በሕክምና ትምህርት ቤት ላይብረሪ ስቀጠር ሥራዬ ማኅተምና ካርድ ነበር፤ ማዋስ፣ ያልመለሰን መቅጣት፣ የፈተና ሰሞን «ዝም በሉ» ማለት። ዛሬ መጽሐፍ የሚጠይቀኝ ሐኪም ብርቅ ነው። የሚፈልጉኝ ሂናሪ የሚባለው የሕክምና መጽሔቶች ድረ ገጽ አልከፈት ሲላቸውና ፐብሜድ በሚባለው የሕክምና ጽሑፎች የኢንተርኔት ማውጫ ላይ ፍለጋ እንድሠራላቸው ነው። እውነቱን ለመናገር በዚህ ትንሽ ኮራ ማለት ጀምሬ ነበር።

እናም ፊቷ ቁጭ ብዬ ቃሉን በትእምርተ ጥቅስ አጠርኩት፤ ርዕስና አብስትራክት (የጽሑፉ አጭር ማጠቃለያ) ውስጥ ብቻ ፈልግ አልኩት። ጥርት ያለ ዝርዝር ወጣ። አትሜ፣ በስቴፕለር መትቼ ሰጠኋት። ዐሥር ደቂቃ አልፈጀም።

ሰኞ እኔም ተጋብዤ ከኋላ ተቀምጫለሁ። ጡረታ የደረሱ አንድ ፕሮፌሰር ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አዩትና «ፕራይስ የታለ?» አሉ።

ዝም።

«ኧርነስት ፕራይስ! በፈረንጆቹ 1976 በሽታውን ከእሳተ ገሞራ አፈር ጋር ያያያዘው ጽሑፍ! ያለ እሱ ስለዚህ በሽታ ምን ልታወሪ ነው?»

ልጅቷ ዞር ብላ አየችኝ። ብትቆጣ ይሻል ነበር።

ወደ ቢሮዬ ተመልሼ በፕራይስ ስም ስፈልግ ጽሑፉ እዚያው ፐብሜድ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ርዕሱ ግን ስለ ምሥራቅ አፍሪካ የታችኛው እግር ዝሆኔ እንጂ ፖዶኮኒዮሲስ አይልም። ከግሪክኛው እግርና አቧራ አጣምሮ ያንን ስም ያወጣው ራሱ ፕራይስ ነው፤ ስሙ ከመልመዱ በፊት የተጻፈው ሁሉ በሌላ ስም ነው የተመዘገበው። አንዱ «ፊላሪያ (ትንኝ የምታስተላልፈው ትል) የሌለበት ዝሆኔ» ይለዋል፣ ሌላው «ሞሲ ፉት»። በዚያ ላይ የዚያን ዘመን ጽሑፎች ብዙዎቹ ፐብሜድ ላይ አብስትራክት የላቸውም፤ ርዕሱ ካልያዘልህ የሚይዝልህ የለም። ፐብሜድ እኮ ዝም ብለው ቢተዉት ቃሉን ሜሽ ከሚባሉት የራሱ መደበኛ ርዕሶች ጋር ለማገናኘት ይሞክራል። በትእምርተ ጥቅሱ አፉን የለጎምኩት እኔ ነኝ።

ኮሪደሩ ላይ የድሮው የካርድ ካታሎግ ሣጥን አለ፤ አሁን የሻይ ስኒ ማስቀመጫ ሆኗል። ስኒዎቹን ገፋ አድርጌ መሳቢያውን ሳብኩት። ጋሼ የምንላቸው፣ ሥራውን ያስተማሩኝ ሰው በታይፕራይተር የመቱት ካርድ ጠርዙ በልዟል። የእብጠት ካርድ ነው፦ ሊምፌዴማ፤ «ዝሆኔንም ተመልከት»። ወጣት ሳለሁ እነዚህን «ተመልከት» ካርዶች መምታት ይሰለቸኝ ነበር። መጽሐፍ የሌለበት ካርድ ምን ይሠራል እል ነበር።

ማታውን ፍለጋውን እንደ አዲስ ሠራሁት። የበሽታውን ስሞች አንድ በአንድ ደርድሬ፣ በመሃላቸው «ኦር»፣ ማለትም «ወይም»፣ አስገብቼ፣ የሜሹን ርዕስ ጨምሬ፣ ሁሉንም በቅንፍ አስሬ። የማይፈለግም ብዙ ተግተልትሎ መጣ፤ በትንኝ የሚመጣውን ዝሆኔ ለቅሜ ለማውጣት ብቻ ሁለት ቀን ሄደ።

አሁን ሐኪም ሲመጣ ኪቦርዱን ሳልነካ «ይኼ በሽታ ድሮ ምን ይባል ነበር?» እላለሁ። አንዳንዱ ሰዓቱን ያያል። አንዱማ «እርስዎ ፈልጉ እንጂ እኔን ይፈትኑኛል እንዴ?» ብሎኛል።

አዲሱን ዝርዝር ለፕሮፌሰሩ ራሴ ወሰድኩላቸው። በቁማቸው ገለጡት።

«የኡመን ጽሑፍስ? የ1969ኙ?»

«ሦስተኛው ገጽ ላይ አለ፣ ፕሮፌሰር።»

መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱን አስጠጉትና ሦስተኛውን ገጽ ፈለጉ።