የተኩስ ሜዳ ውሎ
ዛሬ ሙሉ ቀን ተኩስ ሜዳ ነው የዋልኩት፣ ለአደን ብዬ ራሴ የሞላኋቸውን ጥይቶች ስሞክር። ባሩዱን ሳልነካ እርሳሱ (ተተኩሶ የሚወጣው የጥይቱ ጫፍ) ቀልሃው (ባሩዱን የሚይዘው ቀፎ) ውስጥ የሚገባበትን ጥልቀት ብቻ፣ የጥይት መሙያ ማኑዋሉ ከሚፈቅደው ሳልወጣ፣ በጣም ትንሽ ትንሽ እየቀያየርኩ ነበር፤ ሁለት ነገር ባንዴ ከቀየርክ የቱ እንደሰራ በምን ታውቃለህ? እና ያው ጠመንጃ ያው ስኮፕ (ማነጣጠሪያ መነጽር) ሆኖ፣ በ100 ሜትር የመዳፍ ስፋት ተበታትነው የነበሩት ቀዳዳዎች ተጠጋግተው 3 ሴንቲሜትር ውስጥ ገቡልኝ፣ 1 ኤምኦኤ (የጥይት መበታተን የሚለካበት የማዕዘን መለኪያ) ገደማ ማለት ነው፣ በጣም ደስ ብሎኛል!!

ግን እኔ ከሁሉ በላይ የማየው የመጀመሪያዋን ጥይት ነው። አደን ላይ በርሜሉ ቀዝቃዛ ነው፣ አውሬውም ቆሞ ሁለተኛ እድል አይሰጥህም፣ አቁስለህ ጫካ ውስጥ ስቃዩን እንዲያይ መተው ደግሞ ለኔ ከምንም በላይ የሚከብድ ነገር ነው። ስለዚህ በየመሀሉ በርሜሉ እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ እንደገና አንድ፣ ደሞ ጠብቄ አንድ። ሰው ይሰለቸዋል፣ እኔ ግን እዚህ ጋ አልቸኩልም። ቀጥሎ በጠዋት ብርድ ነው የምሞክራት፣ ባሩድ በሙቀትና በብርድ ፍጥነቱ ስለሚለያይ።