«ገመድ መያዝ ትችላለህ?» ስባል «አዎ» ያልኩበት ጸደይ

ባለፈው ሳምንት እናቴ የላክሁላትን ፎቶግራፍ አይታ ደወለችልኝ። ፎቶግራፉ የቆየ ነው፤ በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት ጫካ ውስጥ ከተተከለች ትንሽ ድንኳን ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ሻይ ስጠጣ ያሳያል። «ልጄ፣ የቤት ኪራዩ ከብዶህ ከሆነ አትደብቀኝ» አለችኝ፤ ድምፅዋ ልታለቅስ የደረሰች ሰው ድምፅ ነበር። ዲቪ ደርሶት ቃለ መጠይቅ የሚጠብቀው የአክስቴ ልጅ ደግሞ ከኋላዋ ሆኖ፣ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ሜዳ ላይ የሚያድረውና ገደል የሚወጣው ምን ፈልጎ እንደሆነ ጠየቀኝ። ለመዝናናት ነው ብዬ መለስኩለት። ስለዚያ ጉዞ ልነግረው የሚገባኝ ዋናው ነገር ግን ይህ አልነበረም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ከሚኖሩ አራት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር በጸደይ ወራት ዐለት ለመውጣት ኬንታኪ ወዳለው ሸለቆ፣ ወደ ሬድ ሪቨር ጎርጅ ለመሄድ ያቀድነው ገና በየካቲት ነበር። የስምንት ሰዓት ያህል የመኪና መንገድ ነው። እኛ አገር ጉዞ ሲታሰብ «በሉ እንሂድ» ይባልና የጎደለው በመንገድ ላይ ይሟላል፤ እነሱ ግን ሁለት ወር ቀድመው ሰንጠረዥ ያዘጋጃሉ። ድንኳን የሚያመጣው፣ ምድጃ የሚይዘው፣ የቤንዚኑ ወጪ ለእያንዳንዱ ሰው ስንት እንደሚደርስ፣ ዝናብ ከጣለ የትኛው የዐለት ግድግዳ እንደማይረጥብ፣ ድብ እንዳይመጣ ምግቡ ሌሊት የት እንደሚቀመጥ፣ ሁሉም ተጽፎ ያልቃል። የሁዳዴ ጾም ስለሆነ ጉዞው ከፋሲካ በኋላ እንዲሆንልኝ ብለምንም የሁሉንም ፈቃድ ማገናኘት አልተቻለምና በሶና ዳቦ ቆሎ አዘጋጀሁ። የሰንጠረዡ የመጨረሻ ዓምድ «ገመድ መያዝ የሚችል» ይላል። እኔም ከስሜ ፊት «አዎ» ብዬ ጻፍኩ።

ለማያውቅ ሰው ነገሩን ላስረዳ። በዚህ ዓይነት የዐለት መውጣት ስፖርት፣ ወጪው፣ ማለትም ዐለቱን የሚወጣው ሰው፣ ከግድግዳው ላይ አስቀድመው በተተከሉ የብረት ቡሎኖች ላይ መንጠቆ እያንጠለጠለ፣ ገመዱን በመንጠቆው ውስጥ እያሳለፈ ይወጣል፤ መሬት ላይ የቆመው ጓደኛው ደግሞ የገመዱን ሌላኛ ወገን በመሣሪያ ይይዝለታል። እኛ የመረጥናቸው መንገዶች በአሜሪካኖች መለኪያ 5.6 እና 5.7 የሚባሉት ቀላሎቹ ነበሩ። ቀላል የሚባለው ግን ለወጪው ነው፤ ገመድ ያዡ ከተሳሳተ የቀላሉም የከባዱም መንገድ አወዳደቅ አንድ ነው።

ታዲያ ሳልማር «አዎ» ያልኩት ለምንድን ነው? ምክንያቱ ኩራትና ይሉኝታ ነው። በልጅነቴ ከአባቴ ጋር ደብረ ዳሞ ወጥቻለሁ፤ አቡነ አረጋዊ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደመሠረቱት ገዳም፣ አሥራ አምስት ሜትር ያህል ቀጥ ባለው ገደል ላይ፣ በጠፍር ገመድ። ይህን ለባልደረቦቼ ስነግራቸው አፋቸውን ከፍተው ሰሙኝ፤ አገሬን በረሃብና በሩጫ ብቻ ለሚያውቁ ሰዎች መነኮሳቱ ለዘመናት የኖሩበትን ጥበብ መንገሬ እስከ ዛሬ ያኮራኛል። ከዚያ በኋላ «ገመድ መያዝ አልችልም» ማለት የነገርኳቸውን ሁሉ ማፍረስ መሰለኝ። ዳሞ ላይ ግን ገመዱን የያዘው፣ ወገቤ ላይ ታስሮ የነበረውን ጠፍር ከላይ ሆኖ የሳበው፣ መነኩሴው ነበር እንጂ እኔ አልነበርኩም።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሚውር ቫሊ በተባለው ሸለቆ፣ ብሩዝ ብራዘርስ ከሚሉት ግድግዳ ሥር ቆምን። የሁለት ልጆች አባት የሆነው ባልደረባችን ገመዱን ታጥቆ እጁን ዐለቱ ላይ አድርጓል። እኔም ወጪው ሲወድቅ ገመዱን ቆልፋ የምትይዘውን፣ ግሪግሪ የምትባለውን መሣሪያ ከመታጠቂያዬ ጋር አያይዤ፣ ገመዱን በውስጧ አሳልፌ፣ ዝግጁ ነኝ አልኩ። ለብዙ ዓመታት ዐለት ስትወጣ የኖረችው የቡድናችን ታላቅ መጥታ ወደ ወጪው የሚሄደውን ገመድ በድንገት ሳበችው። መያዝ ነበረበት፤ አልያዘም። ገመዱን የገጠምኩት ተገላቢጦሽ ስለነበረ ያለ አንዳች መገታት ተስቦ አለፈ። መሣሪያውን ከወገቤ ላይ በገዛ እጇ ፈትታ ወሰደችና፣ ሳትቆጣና ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ «ዛሬ የማንንም ገመድ አትይዝም» አለችኝ። በአጠገባችን የነበሩ የማናውቃቸው ሰዎችና ልጆቻቸው ሁሉ ሰምተዋል። ያ የሁለት ልጆች አባት እጁን ከዐለቱ ላይ አንሥቶ አንዴ ተመለከተኝ፤ ያን አስተያየት ነው እስከ ዛሬ የማልረሳው።

ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። ማታ እያንዳንዱ ሰው በየራሱ ትንሽ ምድጃ የየራሱን እራት ሲያሞቅ አይቼ፣ ያመጣሁትን ሽሮ በትልቅ መጥበሻ ሠርቼ ሁሉንም ጠራኋቸው። በዚህ በኩል እነሱ ከእኛ የሚማሩት አለ ብዬ አምናለሁ፤ በአንድ ገመድ ሕይወታቸውን ተደጋግፈው ውለው ማታ ምግባቸውን ለየብቻ መብላታቸው ፈጽሞ አልገባኝም። በአንድ መጥበሻ በላን። የቡድናችን ታላቅም አጠገቤ ተቀምጣ አገጣጠሙን ሃያ ጊዜ ያህል አስደገመችኝ፤ «ግድ የለም» ብላ አልሸነገለችኝም።

ለአክስቴ ልጅና እንደ እርሱ ለመምጣት ለተዘጋጁ ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው። እዚህ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት መንዳት ትችላለህ ወይ ትባላለህ፤ አንቺም በአረጋውያን መጦሪያ ሰው ከአልጋ ማንሣት ትችያለሽ ወይ ትባያለሽ። አገር ቤት «እሞክራለሁ» ማለት ትሕትና ነው፣ «አላውቅም» ማለት ደግሞ ውርደት ይመስለናል። እዚህ «አላውቅም፣ አሳዩኝ» ያለ ሰው ያሳዩታል፤ «አውቃለሁ» ያለውን ግን እንደሚያውቅ ቆጥረው የሌላ ሰው ነፍስ ያስረክቡታል።

ከዚያ በኋላ በከተማችን የቤት ውስጥ መለማመጃ ሁለት ወር ተምሬ ገመድ የመያዙን ፈተና አልፌያለሁ። የዘንድሮው ሰንጠረዥ ወጥቷል፤ በልመናዬም ጉዞው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሆኗል። ሁሉንም ለእናቴ ነገርኳት። ዝም ብላ ካዳመጠችኝ በኋላ፣ «ያችን ሴትዮ እግዚአብሔር ይስጥሽ ብላለች በልልኝ» አለችና ለእሷ የሚሆን ሽሮ ከሚመጣ ሰው ጋር እንደምትልክ ነገረችኝ። በምግብ ዓምዱ ላይ «ሽሮ፣ ሁለት ኪሎ፣ ከእናቴ» ብዬ ጽፌያለሁ።