መድኃኒት ያልበገረውን የዶሮ በሽታ በነጭ ሽንኩርትና በጦስኝ ስሞክር

የሥጋ ዶሮዎቼ በአራተኛ ሳምንታቸው ላባቸውን አንጨፍርረው ሲተነፍሱ ማንኮራፋት ሲጀምሩ፣ ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለውን ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት በግምት በውኃ በጥብጬ ሰጠሁ፤ ሞቱ አልቆም ሲል ደግሞ ኤንሮፍሎክሳሲን ወደተባለው ሌላ ፀረ-ባክቴሪያ ዞርሁ። ያም አልበጀም። የእንስሳት ሐኪሙ አንዲት የሞተች ዶሮ ሲከፍት ጉበቷና ልቧ ወደ ቢጫ በሚያደላ ነጭ ስስ ልባስ ተሸፍነው፣ ጥርት ማለት የነበረባቸው የአየር ከረጢቶቿም ደፍርሰው አየሁ፤ ኢ. ኮላይ የተባለውን ባክቴሪያ ጠርጥሮ ለላቦራቶሪ ናሙና ወሰደ።

ውጤቱን ስጠብቅ መንጋውን ለሁለት ከፍዬ ለግማሹ ነጭ ሽንኩርት በውኃ፣ የደረቀ ጦስኝ ደግሞ በመኖ ሰጠሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሽንኩርቱን አፈላው ነበር፤ ይህ ከንቱ ድካም ነው፤ ምክንያቱም ባክቴሪያ የሚገድለው አሊሲን የሚፈጠረው ሽንኩርቱ ሲደቀቅ በሚሠራ ኢንዛይም ሲሆን፣ ኢንዛይሙ ደግሞ ሙቀት አይችልም። ጥሬውን ደቁሼ ስሰጥ ስብርባሪው የመጠጫውን ቧንቧ ደፈነው፤ ውስጡም አተላ ያዘ፤ አተላው ራሱ የባክቴሪያ መራቢያ ነው። በጦስኝ ውስጥ ያሉት ታይሞልና ካርቫክሮል የባክቴሪያን ሽፋን እንደሚበጣጥሱ አውቅ ነበር፤ ያላሰብሁት በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ባክቴሪያውን የሚገድለው መጠን በዶሮዋ ሆድ ተፈጭቶ ወደ ደም አልፎ እስከ አየር ከረጢቷ እንደማይደርስ ነው። በሁለቱም ወገን ሞቱ ቀጠለ።

ውጤቱ ሲመጣ የጠረጠረው ተሕዋስ ተረጋገጠ፤ እኔ የሰጠኋቸው ሁለቱ መድኃኒቶች በተነከሩባቸው ክብ ወረቀቶች ዙሪያ ባክቴሪያው እስከ ጠርዙ ድረስ በቅሎ፣ ባክቴሪያው ያልበቀለበት ጥርት ያለ ሰፊ ቀለበት የታየው በአንድ ሌላ መድኃኒት ዙሪያ ብቻ ነበር። ሐኪሙ እርሱን አዘዘ። ከዚያም በዶሮዎቹ ቁመት ልክ እንድንበረከክ ጠየቀኝ፤ ቆሜ ያልሸተተኝ፣ ከኩሱ የሚወጣው አሞኒያ የተባለ ጋዝ ዓይኔን አቃጠለኝ። ከመጠጫው ሥር አንድ እፍኝ ጉዝጓዝ ጨብጬ ስለቀው ከእርጥበቱ የተነሣ ሳይበተን እንደ ኳስ ቀረ። አሞኒያ በመተንፈሻ ቧንቧ ውስጥ ቆሻሻ ጠራጊ የሆኑትን ጥቃቅን ፀጉሮች ስለሚጎዳ፣ ተሕዋሱ ወደ አየር ከረጢቱ የገባው በከፈትሁለት በር ነበር ማለት ነው። ጉዝጓዙን ቀይሬ መስኮቶቹን ከፈትሁ፤ በቀጣዮቹ ቀናት ሞቱ ቀነሰ፤ ከመድኃኒቱና ከአየሩ የትኛው የበለጠ እንደሠራ ግን ሁለቱን አንድ ላይ ስላደረግሁ መለየት አልችልም።

ጦስኙን አልተውሁትም፤ ለጤነኞቹ በመኖ እቀላቅላለሁ። የታመመች ካየሁ ግን ናሙናው ሳይወሰድ መድኃኒትም ሆነ ቅጠል አልሰጥም፤ መድኃኒት ከታዘዘም ከመጨረሻው መጠን በኋላ ሥጋው እስኪነጻ የሚጠበቁትን ቀናት በበሩ ላይ እጽፋለሁ።